የልጅ ተሰጥኦ በእጅ ሥራ ሲጎለብት፦ ከታሪክ ምን እንማራለን?

በዚህ እትም ስለ ትምህርት ታሪክ ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ ወደድኩ። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ጽሑፉን ያስጀመረኝ እሱ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በክፍሌ ከመቶ በላይ ተማሪ አለ። ግማሹ ዴስክ ላይ ተጨናንቆ፣ ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ከኋላ በኩል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለ። ደብተሩ ባዶ ነው፤ ኪሱ ግን ሙሉ። ሽቦ፣ ቆርኪ፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት፣ ምን የሌለው አለ? አንድ ቀን ክፍልፋይ ሳስተምር ከዴስክ ሥር ሲነካካ ያዝኩት። ኪሱን አስገለበጥኩና ያለውን ሁሉ ወስጄ ጉድጓድ ጣልኩበት። እስከ ደወል ድረስም አንበረከክሁት።

በማግሥቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ተቀበለችኝና ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ግድግዳው ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሰባት ባትሪ ድንጋዮች ተደርድረው፣ ጫፋቸው ላይ የጣት ጥፍር የምታህል አምፖል ትበራለች። ሰዎች አለቀ ብለው የጣሏቸው ባትሪዎች ናቸው። አንዱ ብቻውን ምንም አያበራም፤ ሰባቱ ሲያያዙ ግን ያበራሉ። እናቱ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «መምህር፣ ልጅሽ አይገባውም ብላችሁ ላካችሁብኝ፤ እኔም አመንኩ። ይኸው እህቱ ማታ ማታ የምታጠናው በዚህ ነው።»

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ የጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለውን ልጅ የቀድሞ ሰዎች እንዴት ነበር የሚያሳድጉት? መልሱን በመፈለግ ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእኛው ሀገር

ብዙዎቻችን የድሮ ትምህርት ሲባል ሽምደዳና አለንጋ ብቻ ይመስለናል። አለንጋው መች ጠፋ! ነገር ግን የቆሎ ተማሪውን ሕይወት በደንብ ላየው ሌላም ነገር አለበት። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰው የተቀኘውን ብቻ እየሸመደደ አይኖርም። ጥቂት እንደተማረ ራሱ መቀኘት ይጀምራል። ቀን ብቻውን ጥላ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ «ቅኔ ሲቆጥር» ይውልና፣ ያዘጋጀውን ለመምህሩ «ይነግራል»። መምህሩ እዚያው ያቃናለታል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ አንዱን አልፎ ወደ ሌላው የሚሄደው ዕድሜው ስለደረሰ ሳይሆን ሥራው ስለደረሰ ነው። ፈጣኑ ቶሎ ይሄዳል፣ ዘገም ያለውም በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ቀድሞ የሄደው ደግሞ ለታናናሾቹ አስቀጻይ ይሆናል።

የቁም ጽሕፈት ተማሪማ ጭራሽ በእጁ ነው የሚማረው። የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ይፍቃል፣ ብራናውን ይዳምጣል፣ መቃውን ቀርጾ ብርዕ ያደርጋል፣ ከጥላሸት ቀለም ይበጠብጣል። ፊደል ከመጻፉ በፊት ፊደሉ የሚያርፍበትን ነገር ያውቀዋል። በቁርዓን ቤትም እንደዚሁ ነው። ልጆች ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ከከሰል በተሠራ ቀለም ይጽፋሉ፤ ሲያጠኑት አጥበው እንደገና ይጽፉበታል። በካምፓችን ያሉ የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆች በዱግሲ ዛሬም ሲጠቀሙበት የምናየው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ሴት ልጆች በአብዛኛው አልገቡበትም። የእነሱ ተሰጥኦ የት ሄደ ብትሉ ስፌት ውስጥ ገብቶ ቀረ። መሶብ የምትሰፋ ልጅ እኮ ዝም ብላ አይደለም የምትሰፋው። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ጌጡ እንዳይዛነፍ ስንት ዙር በቀይ፣ ስንት ዙር በአረንጓዴ እንደምታስኬድ ትቆጥራለች፤ እየቆጠረችም ታካፍላለች። እኛ ግን «እጇ ሙያ አለው» ብለን እናልፋለን እንጂ «ሒሳብ ታውቃለች» ብለን አናውቅም።

ከኳስና ከኩብ ተነስቶ

በአውሮፓ ይህን ነገር አስቦበት ሥርዓት ካበጁለት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ለሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ «ኪንደርጋርተን» የምንለው ስም የእሱ ነው። ለልጆቹ የሚሰጣቸው ከክር የተሠሩ ኳሶች፣ የእንጨት ሉል፣ ኩብና ሲሊንደር ነበር፤ «ስጦታዎች» ይላቸዋል። ልጁ ኩቡን ለስምንት ከፍሎ መልሶ ሲገጥም፣ ክፍልፋይ የሚለውን ቃል ሳይሰማ ክፍልፋይን ያውቃል ማለት ነው። መንግሥታት ግን ነገሩን በጥርጣሬ አዩት። ፕሩሲያ በ1851 ኪንደርጋርተንን ከለከለች፤ እገዳው የተነሳው ፍሮቤል ከሞተ በኋላ በ1860 ነው።

ስጦታዎቹ ግን ባሕር ተሻገሩ። በ1876 በአሜሪካ ፊላደልፊያ በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት እናት አይታቸው ለልጇ ገዛችለት። ልጁ ፍራንክ ሎይድ ራይት ይባላል። በዓለም ከታወቁት የሕንፃ ነዳፊዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በስተርጅናው ሳይቀር እነዚያን የእንጨት ኩቦች በጣቶቹ እንደሚያስታውሳቸው ይናገር ነበር።

ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ደግሞ ከእኛ ኑሮ ይበልጥ ትቀርባለች። ጥር 6 ቀን 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር የልጆች ቤት ከፈተች። ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ሜዳ ላይ የሚውሉ ልጆች ነበሩ። ከብርጭቆ ወረቀት ፊደል ቆርጣ በጣታቸው እንዲዳስሱት አደረገች። ከጥቂት ወራት በኋላ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ማንም ጻፉ ሳይላቸው መጻፍ ጀመሩ። ሰፈሩ «እነዚህማ ምን ይወጣቸዋል» ያላቸው ልጆች እኮ ናቸው።

የወስፌው ልጅ

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የሉዊ ብሬይል ታሪክ ነው። ጥር 4 ቀን 1809 ፈረንሳይ ውስጥ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ ይሠራል። ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ቤት ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሌላው ዓይን ተዛመተና በአምስት ዓመቱ ሁለቱንም አጣ።

ይህ አባት ምን ቢያደርግ ይገርማችኋል? ልጁን ከመሥሪያ ቤቱ አላባረረውም። እንዲያውም ፊደል እንዲያውቅ እንጨት ላይ ሚስማር በፊደል ቅርጽ መትቶ በጣቱ እንዲያነብ እንዳደረገው ይነገራል። የመንደሩ መምህርም ከሚያዩት ልጆች ጋር ክፍል አስገባው። በ1819፣ በአሥር ዓመቱ፣ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያም ሻርል ባርቢዬ የተባለ ሰው የፈለሰፈውን በነጥብ የሚነበብ ጽሑፍ አገኘ። አንዱ ምልክት እስከ አሥራ ሁለት ነጥብ ስለነበረው ከጣት ጫፍ በላይ ነው፤ በአንድ ዳሰሳ አይነበብም። ሉዊ ሌሊት ሌሊት እየወጋ፣ እየዳሰሰ፣ እያበላሸ፣ እንደገና እየሠራ ወደ ስድስት ነጥብ አወረደው። በ1824 ሲጨርስ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። በ1829 በመጽሐፍ አሳተመው። ፈረንሳይ በይፋ የተቀበለችው ግን በ1854፣ እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ዓይነ ስውር ተማሪዎቻችን በስሌትና ስታይለስ ሲጽፉ ስታይለሷን ልብ ብላችሁ እዩአት። ወስፌ ናት። ዓይኑን ባጠፋው ዓይነት መሣሪያ ነው ሉዊ ለስንቱ ማንበቢያ የሠራው። አባትየው ፈርቶ ዕቃውን ሁሉ ቢደብቅበት ኖሮስ? እኔ የተማሪዬን ሽቦና ማግኔት ጉድጓድ ስጥል ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ፈተናው ያላያቸው

«ታዲያ ተሰጥኦ ያለውን ልጅ በፈተና ለይተን ብናውቀውስ?» የሚል ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። በ1905 ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የአእምሮ መለኪያ አዘጋጀ። ዓላማው ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ማወቅ እንጂ ጎበዝና ሰነፍ ብሎ ማኅተም መምታት አልነበረም። በአሜሪካ ሉዊስ ተርማን ይህንኑ መለኪያ አሻሽሎ በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደ 1500 የሚጠጉ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ልጆች መርጦ ለረጅም ዘመን ተከታተላቸው። ብዙዎቹ ጥሩ ደረጃ ደረሱ፣ አይካድም። ሆኖም ለምርጫው ከተፈተኑት መካከል ውጤታችሁ አልበቃም ተብለው የቀሩ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛው ዊልያም ሾክሊ ነው፤ በትራንዚስተር ሥራ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሁለተኛው ሉዊስ አልቫሬዝ ሲሆን በ1968 በፊዚክስ ተሸልሟል። አልቫሬዝ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሬዲዮ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ወረቀቱ እጁን አላየለትም።

ከእኛም ወገን ምሳሌ አለ። አንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሀገር የምትፈልገው መሐንዲስ ነዋ! ነገር ግን ሥዕል እጁ ላይ እንዳለ መምህራኑ አዩና አበረታቱት፤ መንገዱም ተቀየረለት። ለንደን በሚገኘው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን ያስጌጠውን ግዙፍ ባለቀለም መስታወት የሠራው እሱ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለ? ልጅም እንደዚያው ነው።

የማላዊው ልጅ

«ይህ ሁሉ የባለጸጋ ሀገር ነገር ነው» እንዳትሉኝ ወደ አፍሪካችን ልመልሳችሁ። በ2001 እና 2002 ማላዊ ላይ ጽኑ ረሀብ ገባ። በካሱንጉ አውራጃ የሚኖር ዊልያም ካምክዋምባ የተባለ የገበሬ ልጅ ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ስላቃተው ሁለተኛ ደረጃን እንደጀመረ አቋረጠ። በመንደሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ልጁ እየተመላለሰ ስለ ኃይል የሚያስረዳ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘ። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉን እያየ ነው የተረዳው።

ከቆሻሻ መጣያ የትራክተር ማራገቢያ አነሳ። የአሮጌ ብስክሌት አካልና ዲናሞ አገኘ። የፕላስቲክ ቱቦ በእሳት አሙቆ ዘርግቶ ክንፍ አደረገው። ለብሎን ማጥበቂያ የቢራ ቆርኪ ተጠቀመ። ማማውን ከባሕር ዛፍ ሠራ። የመንደሩ ሰው «አበደ» ይለው ነበር። በ2002 ነፋስ ሲነሳ አምፖሉ በራ፤ ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በ2007 አሩሻ፣ ታንዛኒያ በተደረገ ስብሰባ ላይ ቆሞ ታሪኩን ተናገረ፤ ትምህርቱንም ቀጥሎ በ2014 አሜሪካ ከሚገኘው ዳርትመዝ ኮሌጅ ተመረቀ።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት የልጁን ጉብዝና ነው። እኔ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ላይ ነው የማተኩረው። ያለ ክፍያ የሚከፈት በርና መጽሐፉን ደጋግሞ የሚያውሰው ሰው ባይኖር ነፋሱ እንዲሁ ያልፍ ነበር።

እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?

አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1977 እና በ1978 ባሳተማቸው ሥራዎች ለዚህ መልስ የሚሆን ሐሳብ አቅርቧል። ተሰጥኦ ማለት ከፍተኛ ውጤት ብቻ አይደለም፤ ከመካከለኛ የበለጠ ችሎታ፣ አዲስ ነገር የመፍጠር ዝንባሌ እና የያዙትን ሥራ እስከ ዳር የማድረስ ጽናት አንድ ላይ ሲገናኙ ነው ይላል። ማበልጸጊያውንም በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። እኔ በካምፕ ቋንቋ ልተርጉመው።

አንደኛ፣ ማሳየት። ይህ ለሁሉም ልጅ ነው እንጂ ለተመረጡ አይደለም። የሬዲዮ ጠጋኙን፣ ልብስ ሰፊውን፣ መሶብ የምትሰፋውን እናት፣ የክሊኒክ ሠራተኛውን ክፍል ድረስ ጋብዙ። ዕቃቸውን ይዘው ይምጡ፤ ልጆቹም ይንኩት። የማን ዓይን እንደሚበራ ያኔ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፣ ማሠልጠን። ዝንባሌ ላሳየው ልጅ መሥሪያውን አስተምሩት። በእርምጃና በገመድ መለካት፣ የፈታውን ዕቃ ቅደም ተከተል በሥዕል መመዝገብ፣ ሽማግሌ ጠይቆ መጻፍ። የተበላሸ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ የሚፈታበት አንድ ሣጥን ይበቃል። ባትሪ ድንጋዩን ራሱን ግን አያስከፍቱ፤ ውስጡ ያለው ነገር እጅና ዓይን ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ እውነተኛ ችግር መስጠት። ልጁ የሠራውን የሚፈልግ ሰው ይኑር። ለምሳሌ በብሎካችን ቧንቧ አጠገብ አንዲት ተማሪ በአንድ ሰዓት ስንት ጀሪካን እንደሚሞላ፣ ሰልፉ በየትኛው ሰዓት እንደሚረዝም ለሁለት ሳምንት ቆጥራ በሠንጠረዥ አዘጋጅታ ለውኃ ኮሚቴው አቀረበች። ኮሚቴው ተቀብሎ ተወያየበት። ከዚያ በኋላ ያቺን ልጅ ሒሳብ ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቋት እስቲ!

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። መጀመሪያ፣ ጎበዝ ልጅን የክፍል አለቃና የመምህሩ ረዳት ብቻ አድርገን ጊዜውን አንጨርስበት። ሌላውን መርዳት መልካም ነው፤ እሱም ግን ገና ያላወቀው ነገር ይገባዋል። ሌላው፣ ቅዳሜ ልጆችን ስንሰበስብ ሴት ልጆቻችን ውኃና ማገዶ ላይ ናቸው። ሰዓቱን ከእናቶች ጋር ካልተመካከርንበት የድሮው ጉድለት በእኛም እጅ ይደገማል።

ወላጆችም አትሸማቀቁ። የካኩማ ካምፕ በ1992 ሲቆም ከደቡብ ሱዳን በእግራቸው ተሰደው የመጡት ወንዶች ልጆች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በጣታቸው አፈር ላይ ፊደል ይጽፉ ነበር። ከእነሱ መካከል ዛሬ ሐኪም፣ መምህር፣ ደራሲ የሆኑ አሉ። አፈርም ሰሌዳ ይሆናል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ካለ።

ለማጠቃለል ያህል፣ በየዘመኑ ያየናቸው ልጆች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። የሚነካ ነገር ነበራቸው፣ አበላሽተው እንደገና የሚሠሩበት ጊዜ ነበራቸው፣ ሲያበላሹ ያላባረራቸው ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ነበራቸው። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፤ ተሰጥኦውንም ሲወዱ ከነሽቦው ከነቆርኪው ነው።

የእኔው ተማሪ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱ ብቻ ሳይሆን ክፍሉ በሙሉ እየሰማ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰ። አሁን ሰባተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛው አሁንም አይደላውም፤ በሒሳብ ግን ክፍልፋይን ለታናናሾቹ የሚያስረዳው እሱ ነው፣ በሰባቱ ባትሪዎች። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብባት ክፍል ውስጥ ሣጥኑን የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ሣጥኑ ግን እየጎደለ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ሬዲዮ፣ የማይሠራ የእጅ ባትሪ፣ የተቃጠለ ቻርጀር፣ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ያላችሁ እባካችሁ አትጣሉት። ለልጆቻችሁ ስጡና ይዘውት ይምጡ። የእኔን ስህተት እናንተ አትድገሙት።